የምግብን መጠን በፎቶግራፍ መገመት፦ በአመጋገብ ጥናት ውስጥ ምን ያህል ይታመናል?

ጥያቄ፦ «የማስተርስ ጥናቴ አዋቂዎች በቀን የሚያገኙትን ኃይልና ፕሮቲን የሚመለከት ነው። መረጃ የምሰበስበው በ24 ሰዓት ትውስታ ቃለ መጠይቅ ነው፤ ይኸውም ተሳታፊው ባለፉት 24 ሰዓታት የበላውን ሁሉ እያስታወሰ የሚመልስበት ነው። የእያንዳንዱን ሰው ምግብ ቤቱ ድረስ ሄዶ ለመመዘን ጊዜውም ገንዘቡም የለኝም፤ ስለዚህ መጠኑን በፎቶግራፍ ለማስገመት አስቤአለሁ። ለእያንዳንዱ ምግብ ስንት ፎቶ ያስፈልገኛል? ከየትኛው አቅጣጫ ይነሣ? ወይስ ተሳታፊዎቹ ራሳቸው የሚበሉትን በስልካቸው እያነሡ ቢልኩልኝ ይሻላል? በመጨረሻ የማገኘውንስ ቁጥር ምን ያህል ልመነው?»

ምላሽ፦ ከጥያቄዎችዎ ሁሉ ከባዱ የመጨረሻው ነው፤ እርሱ ካልተመለሰ የፎቶው ብዛትም ሆነ የካሜራው አቅጣጫ ብዙ ትርጉም አይኖረውም። አንድ ሰው ፎቶ አይቶ «የበላሁት ይህን ያህል ነው» ሲል እየለካ ነው። መለኪያ የሆነ ነገር ደግሞ ወደየት እንደሚያጋድልና በምን ያህል እንደሚያጋድል ሳይታወቅ ሥራ ላይ ሊውል አይገባም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ ያርፋል፦ መመዘን ከጥናትዎ ጨርሶ ሊወጣ አይችልም፤ የሚሆነው ከተሳታፊው ቤት ወጥቶ ወደ ዝግጅትዎና ወደ ፍተሻዎ መዛወሩ ነው። ፎቶዎቹ የሚዘጋጁት በሚዛን ነው፤ የሚፈተኑትም በሚዛን ነው።

በቅድሚያ በተሳታፊው አእምሮ ውስጥ የሚካሄደውን እንመልከት። ማይክል ኔልሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 በብሪታንያ ባሳተሙት ጥናት እንዳብራሩት፣ ከፎቶ ላይ መጠንን መገመት ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛው ማስተያየት ነው፤ ይኸውም ምግቡ ፊት ለፊት ተቀምጦ እያለ ከፎቶዎቹ መካከል እርሱን የሚመስለውን መምረጥ ማለት ነው። ሁለተኛው ምግቡ በሌለበት መጠኑን በዓይነ ሕሊና ስሎ ከፎቶው ጋር ማመሳከር ነው። ሦስተኛው ትውስታ ነው፤ ትናንት የተበላው ምን ያህል እንደነበር በትክክል ካልታወሰ በዓይነ ሕሊና የሚሳለው ራሱ የተዛባ ይሆናል። ጥሩ ፎቶ ማስተያየትን በእጅጉ፣ በዓይነ ሕሊና መሳልን በመጠኑ ያግዛል፤ ለትውስታ የሚያደርገው አስተዋጽኦ ግን ትንሽ ነው፤ ትውስታን የሚረዳው የቃለ መጠይቁ አካሄድ ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ችግር ሦስቱ ተደባልቀው መታየታቸው ነው፦ ተሳታፊው የረሳውን ምግብ ፎቶው እንዲያስታውሰው ይጠበቃል፤ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ «የፎቶ ዘዴ አይሠራም» ይባላል።

በፎቶ የሚደረግ ግምት የሚያጋድልበት አቅጣጫ በደንብ የታወቀ ነው። ሰዎች ትንሽ የበሉትን ከፍ፣ ብዙ የበሉትን ዝቅ አድርገው ይገምታሉ፤ ግምቱ ከሁለቱም ጫፍ ወደ መካከል ይሳባል። ይህ ለጥናትዎ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ላሳይዎት። አንዱ ተሳታፊ 60 ግራም፣ ሌላው 300 ግራም ሩዝ በልተው የመጀመሪያው 90፣ ሁለተኛው 270 ብለው ቢገምቱ፣ የሁለቱ አማካይ ቀድሞም 180 ነው፣ በኋላም 180 ነው። አማካዩን ብቻ የሚያይ ተመራማሪ ስህተት መኖሩን ጨርሶ አያውቅም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ከ240 ግራም ወደ 180 ወርዷል። ጥናትዎ «ከሚያስፈልጋቸው ፕሮቲን በታች የሚያገኙት ስንት በመቶ ናቸው?» የሚል ጥያቄ ካለው፣ ከታች ያሉት ሰዎች ወደ መካከል ስለተሳቡ እጥረት ያለባቸው ከእውነተኛው ቁጥር አንሰው ሊታዩ ይችላሉ። አማካይ ልክ ሆኖ ሥርጭቱ ስህተት ሊሆን እንደሚችል ከወዲሁ ማወቅ፣ በኋላ የሚመጡትን ውሳኔዎች ሁሉ ይመራል።

አሁን ወደ ፎቶው ብዛት። አማካይ መጠንን የሚያሳይ አንድ ፎቶ ብቻ ማቅረብን ፈጽሞ አልመክርም፤ ከላይ የጠቀስኩት የ1994ቱ ጥናት ራሱ አንድ ፎቶ ብቻ ሲቀርብ ስህተቱ ከስምንት ፎቶዎች ይልቅ እጅግ እንደሚበዛ አሳይቷል። ሦስት ፎቶዎችም የራሳቸው ችግር አላቸው፤ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው መካከለኛውን መርጦ ለማለፍ ይቀናዋል፤ ይህም ቀድሞውኑ ወደ መካከል የሚሳበውን ግምት ያባብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 በብሪታንያ የወጣው የምግብ ፎቶ አትላስ (የፎቶ መጽሐፍ) ለአንድ ምግብ ስምንት ፎቶ ነው የተጠቀመው፤ ትንሹና ትልቁ የተወሰኑትም ከአገሪቱ የአዋቂዎች የአመጋገብ ጥናት ከተገኘው የመጠን ሥርጭት 5ኛና 95ኛ ፐርሰንታይል ላይ ተነሥቶ ነው (ከመጀመሪያው በታች የሚበሉት 5 በመቶ፣ ከሁለተኛው በላይ የሚበሉትም 5 በመቶ ብቻ ናቸው)። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም በኮምፒውተር ራስን በራስ ለመጠየቅ ለሚያገለግለው መሣሪያው ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናትም ስምንት ፎቶ ከአራት የተሻለ ግምት አስገኝቷል፤ ተሳታፊዎቹም ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከማየት ይልቅ ሁሉንም በአንድ ገጽ ማየትን መርጠዋል። ስለዚህ ቅርጽ ለሌላቸው፣ እየተጨለፉ ለሚቀርቡ ምግቦች ከስድስት እስከ ስምንት ፎቶ ያዘጋጁ፤ ቁጥሩ ሙሉ ተጋማሽ ሲሆን መካከለኛ የሚባል ፎቶ አይኖርም፤ ይህም ራሱን የቻለ ጥቅም ነው።

ከብዛቱ ይልቅ ግን በፎቶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ሲዘነጋ አያለሁ። የሰው ዓይን ልዩነትን የሚለየው በግራም ሳይሆን በድርሻ ነው፤ 40 ግራምን ከ80 ግራም መለየት ቀላል ሲሆን 280ን ከ320 መለየት ግን፣ የግራሙ ልዩነት ያው 40 ሆኖ ሳለ፣ ለብዙ ሰው አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ መጠኖቹ በእኩል ግራም ሳይሆን በእኩል ብዜት ማደግ አለባቸው። ለምሳሌ የአንድ ምግብ መጠን በሕዝቡ ዘንድ ከ40 እስከ 320 ግራም የሚደርስ ከሆነ፣ ትልቁ የትንሹ 8 እጥፍ ነው፤ በስምንት ፎቶዎች መካከል ሰባት እርምጃ ስላለ እያንዳንዱ እርምጃ የ8 ሰባተኛ ሥር (ሰባት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 8 የሚሰጥ ቁጥር)፣ ማለትም 1.35 ገደማ ይሆናል። ክብደቶቹም 40፣ 54፣ 72፣ 98፣ 131፣ 177፣ 238 እና 320 ግራም ይሆናሉ። የመጀመሪያው እርምጃ 14 ግራም፣ የመጨረሻው 82 ግራም ነው፤ ለዓይን ግን ሁለቱም ተመሳሳይ እርምጃዎች ናቸው። ከዚህ ሌላ ተሳታፊው «ከመጀመሪያው ያነሰ»፣ «ከመጨረሻው የበለጠ»፣ «በሁለቱ መካከል» ወይም «የዚህ ግማሽ» ብሎ እንዲመልስ ቅጽዎ ይፍቀድ። በአሥር የአውሮፓ አገሮች የተካሄደው የካንሰርና የአመጋገብ ጥናት፣ ኤፒክ፣ የተጠቀመበት የቃለ መጠይቅ ሶፍትዌርም የፎቶውን ክፍልፋይ ወይም እጥፍ መመዝገብ ያስችል ነበር። በፎቶው ላይ ግን ግራሙን አይጻፉ፤ በፊደል ብቻ ይለዩት። ቁጥር የታየበት ቦታ ሁሉ ሰው የሚመርጠው ምግቡን መሆኑ ቀርቶ «ተገቢ» የመሰለውን ቁጥር ይሆናል።

ትንሹንና ትልቁን መጠን ከየት ያመጣሉ? ከራስዎ ቅድመ ጥናት ነው። ጥናቱ ከሚካሄድበት ሕዝብ ጥቂት አባላት ዘንድ ለእያንዳንዱ ዋና ምግብ በሚዛን የተወሰዱ መጠኖችን ሰብስበው ሥርጭቱን ይመልከቱ። ለሌላ ሕዝብ የተዘጋጀን የፎቶ መጽሐፍ እንዳለ መውሰድ ቀላል መንገድ ይመስላል፤ ነገር ግን የእርስዎ ተሳታፊዎች የሚበሉት በአብዛኛው ከመጽሐፉ የመጨረሻ ሁለት ፎቶዎች በላይ ከሆነ፣ የመጽሐፉ ጣሪያ የጥናትዎ ጣሪያ ሆኖ ይቀራል።

ፎቶ የማንሣቱን ሥራ በቅርብ ልግለጸው፤ ብዙው ስህተት የሚገባው እዚህ ነውና። ባዶውን ሳህን 1 ግራም በሚለይ ሚዛን ላይ ያስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ። የበሰለውን ሩዝ በተለመደው ጭልፋ እየጨለፉ 40 ግራም ያድርሱ፤ ክምሩን በማንኪያ አይደልድሉ፣ አያሳምሩትም፤ ጭልፋው ሲገለበጥ የሚይዘውን ቅርጽ ይያዝ፤ ተሳታፊው ሳህኑ ላይ ያየው እርሱን ነውና። የሳህኑ ቦታ ጠረጴዛው ላይ በምልክት ይወሰን፣ ካሜራው በመቆሚያ ላይ ይሁን፣ ሹካው ወይም ማንኪያው በሁሉም ፎቶ ላይ በአንድ ቦታ ይቀመጥ። ካነሡ በኋላ ሳህኑን እንደገና ይመዝኑ። ትኩስ ምግብ በመብራት ሥር ሲቆይ እርጥበቱን ያጣል፤ ስለዚህ የሚመዘገበው ክብደት ፎቶው በተነሣበት ቅጽበት አቅራቢያ የተመዘነው ነው። በሚቀጥለው መጠን ላይ ደግሞ በተነሣው ክምር ላይ እየጨመሩ ከመቀጠል አዲስ ቢጨልፉ ይሻላል፤ ሲጨመርበት የቆየ ክምር የተጨመቀና ቅርጹ የተበላሸ ይሆናል። ጥላን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ ብርሃንም አይጠቀሙ፤ ዓይን የክምርን ከፍታ ከሚያነብባቸው ምልክቶች አንዱ ጥላ ነው።

የካሜራው አቅጣጫ ጥያቄ ከዚሁ ከከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። ከላይ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተነሣ ፎቶ ስፋትን በሚገባ ያሳያል፤ ከፍታን ግን ይደመስሳል። ተቀምጦ የሚበላ ሰው ሳህኑን የሚያየው በግምት ከ45 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ተከምረው ለሚቀርቡ ምግቦች ይህ አቅጣጫ ስፋትንም ከፍታንም ያሳያል፤ ለዓይንም የለመደው እይታ ነው። ጠፍጣፋ ለሆኑ እንደ ቁራሽ ዳቦና አይብ ላሉት ከላይ ማንሣት ይበቃል፤ በብርጭቆ ያለ መጠጥ ግን ደረጃው እንዲታይ ከጎን ዝቅ ተብሎ ይነሣ። ስልክን ከምግቡ አጠገብ አስጠግቶ ማንሣት የቀረበውን አተልቆ የራቀውን ስለሚያሳንስ፣ ራቅ ብሎ በማጉላት ማንሣት ይመረጣል።

የሳህኑ መጠን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የእርስዎ ፎቶዎች በ27 ሴንቲ ሜትር ሳህን ላይ ተነሥተው ተሳታፊው ግን የሚበላው በ30 ሴንቲ ሜትር ሳህን ቢሆንና ምግቡ የሳህኑን ስንት እጅ እንደሞላ አይቶ ቢመርጥ፣ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ሁሉም በ10 ለ9 ስለሚበላለጡ እውነተኛው ይዘት ከመረጠው ፎቶ በ37 በመቶ ይበልጣል። በሦስት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ብቻ ከሩብ በላይ የሚሆነው ምግብ ከመዝገብዎ ውጭ ቀረ ማለት ነው። መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም፤ መረጃ ሰብሳቢው ፎቶው የተነሣበትን ዓይነት ባዶ ሳህን ይዞ ይሂድ፣ ተሳታፊውም ፎቶውን ከማየቱ በፊት ሳህኑን ከራሱ ሳህን ጋር ያስተያይ። ፎቶዎቹ በወረቀት የሚታተሙ ከሆነ ሳህኑ በሁሉም ገጽ ላይ በአንድ መጠን ይታተም፤ በስክሪን ከሆነም አንድ ዓይነት ታብሌት ለሁሉም መረጃ ሰብሳቢ ይሰጥ።

ለሁሉም ምግብ ፎቶ ማዘጋጀት ግን ድካም ማብዛት ነው። እንቁላል፣ ቁርጥ ዳቦና ታሽጎ የሚሸጥ ምግብ በቁጥር ይጠየቃል፤ ክብደቱ ከናሙና ተመዝኖ ይታወቃል። ፈሳሽ የሚለካው ተሳታፊው ራሱ በጠጣበት ኩባያ ውስጥ ውሃ ሞልቶ በመስፈሪያ በመገልበጥ ነው፤ ይህ ከማንኛውም ፎቶ ይበልጣል። ፎቶ የሚያስፈልገው በቁጥርም በመስፈሪያም ለማይያዙት፣ ለሩዝ፣ ለፓስታ፣ ለተፈጨ ድንች፣ ለሰላጣ፣ ለወፍራም ሾርባ፣ ለተቆራረጠ ሥጋ፣ በዳቦ ላይ ለሚቀባ ቅቤ ነው። በዚህ መንገድ ሲለይ ዝርዝርዎ ያጥራል፣ ለእያንዳንዱ የሚሰጡት ትኩረትም ይጨምራል።

ፎቶ ፈጽሞ የማያሳየውን ደግሞ ከወዲሁ ይወቁት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 15 ሚሊ ሊትር፣ 14 ግራም ገደማ ነው፤ ከእያንዳንዱ ግራም 9 ኪሎ ካሎሪ ስለሚገኝ በአጠቃላይ ወደ 125 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ይህ ዘይት ከሩዙ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ የትኛውም ዓይን፣ የትኛውም ካሜራ አይለየውም። የጥናትዎ ዋና ጉዳይ ኃይል ስለሆነ፣ ለተቀላቀሉ ምግቦች የአሠራሩን ዝርዝር ከምግቡ አብሳይ መጠየቅ ግዴታዎ ነው፤ ፎቶው የሚነግርዎት ከድስቱ ውስጥ ስንት እጅ ወደዚህ ሰው ሳህን እንደሄደ ብቻ ነው።

ከፎቶ ወደ ግራም፣ ከግራም ወደ ንጥረ ምግብ የሚደረገው ሽግግርም የራሱ ወጥመድ አለው። የበሰለ ሩዝ በ100 ግራም 130 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው፤ ያልበሰለ ደረቅ ሩዝ ደግሞ 360 አካባቢ። በፎቶው ላይ ያለው የበሰለው ነው። የመረጃ አስገቢው እጅ ስቶ የበሰለውን ክብደት በጥሬው መለያ ቢያስገባው ኃይሉ ወደ 2.8 እጥፍ ያድጋል፤ ይህን ያህል ስህተት የትኛውም የፎቶ አቅጣጫ አያመጣም። አጥንት ላለው ሥጋም ፎቶው ከአጥንቱ ጋር የተነሣ ከሆነ የሚበላው ክፍል ክብደት ተለይቶ በመዝገብ ላይ ይስፈር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፎቶ የሚሆን መዝገብ ይኑርዎት፤ የፎቶው መለያ፣ የበሰለ ወይም ጥሬ ስለመሆኑ፣ ጠቅላላ ክብደቱ፣ የሚበላው ክብደት፣ የሳህኑ ዲያሜትር፣ የተነሣበት ቀን በላዩ ይስፈሩ።

ተሳታፊዎቹ ራሳቸው በስልክ እያነሡ ይላኩ ወይ ላሉት፣ ሁለት የተለያዩ አሠራሮች ስላሉ ለይተን እንያቸው። በአንደኛው ፎቶው ዋናው መረጃ ነው፤ የሠለጠነ ገማች የተላከውን ፎቶ ክብደታቸው ከሚታወቅ ፎቶዎች ጋር እያስተያየ መጠኑን ይወስናል። በሁለተኛው ፎቶው የቃለ መጠይቁ ረዳት ብቻ ነው፤ ተሳታፊው በማግስቱ ሲጠየቅ ፎቶዎቹ ፊቱ ይቀርባሉ፤ የረሳውን ያስታውሳል፣ የተቀላቀለውን ያብራራል። በሉዊዚያና የሚገኘው የፔኒንግተን ባዮሜዲካል የምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን ዓይነት አሠራር አዳብረው፣ ተሳታፊዎች ከመብላታቸው በፊትና ከበሉ በኋላ ትራፊውን ጨምረው እንዲያነሡ፣ በምግብ ሰዓትም የማስታወሻ መልእክት እንዲደርሳቸው አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ውጤታቸው ይህ ዘዴ በአይዞቶፕ ምልክት ከተደረገበት ውሃ (ሰውነት የሚያወጣውን ኃይል ለመለካት ከሚጠጣ ውሃ) ጋር ሲነጻጸር የኃይልን አማካይ ዝቅ ያደረገው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ በግለሰብ ደረጃ ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነበር። መልካም ውጤት ነው፤ የተገኘው ግን ያልተላከ ፎቶን በሚከታተል ቡድንና በሠለጠኑ ገማቾች መሆኑን ልብ ይበሉ። ብቻዎን በሚሠሩት የማስተርስ ጥናት ላይ ያልተነሣው መክሰስና የተረሳው ትራፊ ዋና የስህተት ምንጭ ይሆናሉ። ብዙ ሰው ከአንድ ሳህን ሲበላም ፎቶው ሳህኑ ላይ የነበረውን እንጂ ማን ምን ያህል እንደበላ አይናገርም። ሰው ምግቡን እንደሚያነሣ ሲያውቅ አበላሉን ሊለውጥ መቻሉም አለ። በፎቶው ጥግ የሌላ ሰው ፊት ወይም ሰነድ ሊገባ ስለሚችል፣ በፈቃድ ቅጹ ላይ ይህ ተጽፎ ፎቶዎቹ ከነቦታ መረጃቸው እንዳይቀመጡ ይደረግ።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ፎቶ ሲሰጠው ካሎሪ የሚናገር መተግበሪያ ችግሩን ፈትቶታል ብለው ለሚያስቡ ሁሉ አንድ ነገር ልበል። ከአንድ ፎቶ ብቻ የክምርን ከፍታ ማወቅ ለማሽንም ለሰውም እኩል አስቸጋሪ ነው፤ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ እያንዳንዳቸው በ10 በመቶ ብቻ ተጋንነው ቢገመቱ ይዘቱ በ33 በመቶ ይጋነናል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች መጠኑ የታወቀ ባለ ቀለም ካርድ በፎቶው ውስጥ እንዲቀመጥ የሚጠይቁት ወይም ጥልቀት የሚለካ ካሜራ የሚጠቀሙት። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ለማሽን ማሠልጠኛ ይፋ ያደረጉት 5,000 የሚሆኑ ሳህኖች ስብስብም የተዘጋጀው የእያንዳንዱ ሳህን ግብዓቶች በሚዛን ተመዝነው ነው። ማሽኑም መጠንን የተማረው ከሚዛን ነው፤ ባልተማረበት ምግብ ላይ ሲውል ደግሞ እንደ ሰው ገማች ሁሉ መፈተን አለበት።

ወደ ፍተሻው ልመለስ። ከዋናው ጥናት በፊት፣ ከተሳታፊዎቹ ጋር ተመሳሳይ የሆኑ ፈቃደኞች በአንድ ቦታ እንዲመገቡ ያድርጉ። እያንዳንዱ የሚፈልገውን ያህል ይጨልፍ፤ ሳህኑ ከመብላቱ በፊት ይመዘን፣ ትራፊውም ይመዘን፤ ቁጥሩ ለተሳታፊው አይታይ። ከዚያ ግማሾቹ ምግቡ ፊታቸው እያለ፣ ግማሾቹ በማግስቱ ከፎቶዎቹ ይምረጡ። የመጀመሪያው ቡድን ስህተት የፎቶዎችዎን ጥራት ያሳያል፤ ሁለተኛው ቡድን ከዚያ በላይ የሚጨምረው ስህተት የዓይነ ሕሊናና የትውስታ ድርሻ ነው። ፎቶውን የሚያሳየው ሰው የተመዘነውን ቁጥር የማያውቅ ይሁን። አንዳንድ ፍተሻዎች ላይ የሚቀርበው ምግብ ልክ በፎቶው ላይ ያለውን ግራም ያህል ተደርጎ አያለሁ፤ ይህ ውጤቱን ከእውነቱ አሳምሮ ያሳያል፤ በኑሮ ውስጥ ማንም ሰው ልክ 131 ግራም አይጨልፍምና። ሰዎቹ በፈለጉት መጠን ይጨልፉ ያልኩት ለዚህ ነው።

ውጤቱን ሲተነትኑ በኮሪሌሽን፣ ማለትም ሁለት ቁጥሮች አብረው ከፍና ዝቅ የማለታቸውን መጠን በሚያሳይ ልኬት፣ ብቻ አይርኩ። ሁሉም ሰው የበላውን ልክ እጥፍ አድርጎ ቢገምት ኮሪሌሽኑ 1 ይሆናል፤ መለኪያው ግን ፋይዳ ቢስ ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ብላንድና አልትማን እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረቡት መንገድ በተገመተውና በተመዘነው መካከል ያለውን ልዩነት ከሁለቱ አማካይ ጋር በሥዕል ያስቀምጡ፤ የምግብ መጠን ስህተት ከመጠኑ ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ የተገመተውን ለተመዘነው አካፍለው በሎጋሪዝም መሥራት ይሻላል። ሥዕሉ ከግራ ወደ ቀኝ እያዘቀዘቀ ከሄደ ከላይ የገለጽኩትን ወደ መካከል መሳብ እያዩ መሆኑን ይጠርጥሩ። ትንተናው ለእያንዳንዱ ምግብ በተናጠል ይሁን፤ የሩዙ ወደ ላይና የቅቤው ወደ ታች ያጋደለ ስህተት ሲደመር ተጣፍቶ ጥሩ ዘዴ የተገኘ ሊመስል ይችላል። በዕድሜና በፆታም ይዩት። ለወደፊቱ ልጆችን ለማጥናት ካሰቡ የአዋቂዎቹን ፎቶዎች አይውሰዱ፤ በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የተሠሩት የልጆች መሣሪያዎች በልጆች የመጠን ሥርጭት ላይ ተመሥርተው ለብቻ የተዘጋጁት ያለ ምክንያት አይደለም።

የፕሮቲንን አማካይ ከፎቶውም ከቃለ መጠይቁም ነጻ በሆነ መንገድ ማረጋገጥ ከቻሉ ደግሞ ጥናትዎ እጅግ ይጠነክራል። ፕሮቲን 16 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው፤ ክብደቱ በተረጋጋ አዋቂ ላይ በምግብ ከገባው ናይትሮጅን 80 በመቶ ገደማ በሽንት ይወጣል። ከጥቂት ተሳታፊዎች የ24 ሰዓት ሽንት ሰብስቦ ናይትሮጅኑን መለካት፣ ከዚያም ለ0.8 አካፍሎ በ6.25 (100 ለ16 ሲካፈል የሚገኘው) ማባዛት በቡድን ደረጃ የሚታመን ማነጻጸሪያ ይሰጣል። አድካሚ ነው፣ ላቦራቶሪም ይፈልጋል፤ ሁሉም ተማሪ የሚችለው ነገር እንዳልሆነም እረዳለሁ።

እንግዲህ ቁጥሩን ምን ያህል ይመኑት? ፍተሻው መልካም ከሆነ የቡድን አማካይን ይመኑ፤ ሁለት ቡድኖችንም ማወዳደር ይችላሉ፣ ሁለቱ ቡድኖች በተመሳሳይ መንገድ እስከተሳሳቱ ድረስ። የአንድን ግለሰብ የአንድ ቀን ቁጥር ግን ለዚያ ሰው ምክር ለመስጠት አይጠቀሙበት። ከሚያስፈልገው በታች የሚያገኙትን ድርሻ ለማስላት ከፈለጉ፣ ቢያንስ ከፊሎቹን ተሳታፊዎች ባልተከታተሉ ሁለት ቀናት ይጠይቁ፤ የቀን ከቀን ልዩነትን ከሰው ከሰው ልዩነት ለመለየት ሌላ መንገድ የለም።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ የፎቶ መጽሐፍ ከቃለ መጠይቁ ጋር ዋናው ዘዴዎ ይሁን፤ የስልክ ፎቶን ስልክ ላላቸውና ለተስማሙ ጥቂት ተሳታፊዎች፣ የተረሱ ምግቦችን ለመፈለጊያ ብቻ ይጠቀሙበት። መጽሐፉን ኃይልንና ፕሮቲንን በብዛት ከሚያስገኙት 15 ወይም 20 ምግቦች ይጀምሩ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ቅድመ ጥናቱ ይነግርዎታል። በፍተሻው ላይ ስህተቱ ከልክ ያለፈ ምግብ ካጋጠመዎት በስታቲስቲክስ ለማስተካከል ከመሞከርዎ በፊት ፎቶውን እንደገና ያንሡት፤ ያም ካልሠራ ምግቡን ከመጽሐፉ አውጥተው በጭልፋ ወይም በኩባያ ያስለኩት። በመመረቂያ ጽሑፍዎ የዘዴ ክፍል ላይም የእያንዳንዱን ምግብ የተገመተና የተመዘነ መጠን ንጽጽር ከነስህተቱ ስፋት በሠንጠረዥ ያስቀምጡ።